የማይበራው ዓይን

ሠዓሊ ህሩይ ከፒያሳ ጀርባ ባለ፣ ከጣሊያን ጊዜ በተረፈ ጋራዥ ውስጥ፣ ገና ለሕዝብ ባልታየው ሥራው ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የኋላ ራሱ ተፈንክቷል። ከመሰላል ወድቆ ነው እንዳይባል መሰላሉ ታጥፎ ጥግ ቆሟል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ተነስቶ መሰላል አያጥፍም። ፖሊስ ብዙ አላሰበም፤ ሚስቱን ሕይወትን ያዘ። የጋራዡ ሁለተኛ ቁልፍ እሷ ጋ ነበር፤ በዋዜማው ጎረቤት እስኪሰማ የተጣላችውም እሷ ናት። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ትንሿ ልጇ ጸሎት ጎረቤት ቤት ሆና እናቴ መቼ ትመጣለች እያለች ታለቅሳለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ወርቅውሃ ነገሩ አልጣማትም። ተቸኩሎ የተያዘ ሰው ሁሉ አይጥማትም፤ አለቆቿም ለዚህ ነው የማይወዷት።

ህሩይ የሞተበት ሥራ ግድግዳ የሚሞላ ሸማ ነው። በጦርነቱ የሞቱና ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ፊት ተሥሎበታል። ከሸማው ኋላ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ደግሞ በከተማዋ ዙሪያ ባለው አገር፣ ከአዲ አርቃይ እስከ ማክሰኝት እየዞረ የቀዳው የእናቶች ድምፅ ይሰማል። የትኛውንም ወገን የማያስደስት ሥራ ነበር፤ ሲያስፈራሩትም ከርመዋል።

«ለምን ተጣላችሁ?» ስትል ወርቅውሃ ሕይወትን ጠየቀቻት።

«ይቅርብህ አልኩት። ልጅ አለን አልኩት። መቼ ሰምቶኝ።»

«ግን ሥራውን ታግዢው ነበር።»

«ዓይኖቹን አብረን ነው የበሳነው። ህሩይ ብሌን አይቀባም፤ በወስፌ ይበሳዋል። ከኋላ መብራት ሲበራ ሁሉም ያያሉ ይል ነበር። የመሐሉን ሰውዬ ብቻ እኔን አላስነካኝም።»

ሥራው ሊታይበት የነበረው አዳራሽ ኃላፊ ጌትነት ግን ስለዚያ የመሐል ሰውዬ ሲነሳበት ተቆጣ።

«አውጣው ብዬው ነበር። ፊቱን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ነው የሣለው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲህ የሚሣለው ከሃዲ ነው። ሕዝቡ ማነው ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ሳቀብኝ። የኋላውን መብራት ገዝቼ ያመጣሁለት እኔ፣ የሚሳቅብኝም እኔ።»

ወርቅውሃ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። የመሐሉ ሰውዬ ሁለት ዓይን አለው። ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ጋር ልክክ ብሏል። ጌትነት ዋሽቷል፤ ካልዋሸ ግን አንድ ሰው ዓይን ጨምሯል።

ድምፃቸው ከሸማው ኋላ ከሚሰማ እናቶች አንዷ፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ የሚኖሩት ይርገዱ ናቸው። ልጃቸው ዓለምነው ከተደበቀበት ቤት ተወስዶ አልተመለሰም።

«የደበቀልኝ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ሸጋ ሰው ነው» አሉ። «ማን እንደጠቆመበት አላውቅም። ህሩይ ግን በቀደም ‹አውቄዋለሁ እማማ፤ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል› አለኝ።»

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ከህሩይ ጋር ከአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለው ሥዕል ተምረዋል። ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህን ሥራ አይተውታል?» አለችው።

«ስለ ሥራው ሰምቻለሁ እንጂ ጋራዡን ረግጬው አላውቅም፣ እኅቴ።»

በነጋታው ጠዋት፣ ከፍርድ ቤት በፊት፣ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሕይወት በፖሊስ ታጅባ መጣች። ወርቅውሃ በሩን ዘግታ ከሸማው ኋላ ያለውን መብራት አበራች።

በጨለማው ውስጥ ዓይኖች ፈኩ። የወጣቶች፣ የሽማግሌዎች፣ የሴቶች ዓይን። የመሐሉ ሰውዬ ግን አንዱ ዓይኑ ብቻ በራ፤ ሌላው ድፍን ጥቁር ነው።

«ገዳዩ፣ ህሩይ ከወደቀ በኋላ፣ መሰላሉን ተጠቅሟል» አለች ወርቅውሃ። «እዚያ ላይ ወጥቶ ለአንድ ዓይናው ሰውዬ ሁለተኛ ዓይን ሠራለት፤ ከዚያ እንደለመደው መሰላሉን አጥፎ አቆመ። ሕይወት ብትሆን ዓይኑን ትበሳው ነበር። አቶ ጌትነት መብራቱን ያመጣ ሰው ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይችልም። ይህ ጉንጭ የተማረ እጅ ሥራ ነው። እጁ የተማረ፣ መብራቱን ግን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው እዚህ ያለው።»

ማንም ዞር ብሎ አላየም። ወርቅውሃ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ተይው» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «አትደምስሺው፣ እባክሽ።»

ከዚያ ወዲያ ለመካድ አቅም አላገኘም።

«የታጠቁ ሰዎች መጥተው ዓለምነውን ካላሳየኸን ልጆችህን እንወስዳለን አሉኝ። አሳየኋቸው። ለህሩይ ነገርኩት፤ እሱ ግን አንድ ዓይና አድርጎ ሣለኝ። ሁለተኛ ዓይን ስጠኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ሲበራ ታየዋለህ› አለኝ። በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ መሰለኝ፤ መሰላሉ ላይ እንዳለ ገፋሁት።»

ወርቅውሃ ጥቁሩን ብሌን በእርጥቡ ጨርቅ ጠረገችው። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ነበርና ሟሟ። ከሥሩ፣ ህሩይ ምንም ባልቀባበት ሸማ ላይ፣ በወስፌ የተበሳ ቀዳዳ ነበር። ብርሃን ወጣበት። ከአንድ የኔታ የተማሩት ሁለት እጆች ዓይኑን ያኖሩት አንድ ቦታ ላይ ነው።

«ያላስነካኝ ለዚህ ነው» አለች ሕይወት። እንባዋ ወረደ። «ሲበራ ሁለት ዓይን እንዲኖረው ነው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ይርገዱ ተነስተው አጠገቡ ቆሙ።

«ምነው መሪጌታ» አሉት። «ህሩይ እኮ መጥተህ እስክትነግረኝ ነበር የሚጠብቅህ።»

ፖሊሱ የሕይወትን እጅ ለቀቀ፤ እሷም ልጇን ልትወስድ ወጣች።