የአንገቱ ሳጥን

«የእህትሽን ስም አጥፊው በቃ! ማን ያውቃል?» አለች ሬዲዮ፣ በሚጣ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ።

እውነተኛ ስሟ ሬዲዮ አይደለም፤ አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ በሙሉ ያወጣላት ነው። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛሞች የሚጣ እናት ሹራብ በምትሠራበት ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ማሽኑ ክሩን እየሳበ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለኮምፒውተር ትምህርት የራሳቸውን ሥራ የሚያስረክቡት ነገ ጠዋት ነው፤ የሚጣ እጅ ግን ባዶ ነው።

ስክሪኑ ባዶ አልነበረም። «ጀምር» ከሚል ሳጥን ቀስት ወጥቶ «ድገም» ወደሚል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ «አጥብብ»፣ ከዚያ ወደ «ዝጋ»። ሳጥኖቹን እየጎተቱ በቀስት ማገናኘት ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ይጽፈዋል፣ ማሽኑም ሹራቡን ይሠራል። ከማሽኑ ጋር የመጣው የፕሮግራም ማዕቀፍ በሺህ የሚቆጠሩ ትእዛዞች ነበሩት፤ እናቷ አንዱም አይገባትም። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊዋ የሚጣ ታላቅ እህት በዚያ ማዕቀፍ ላይ ትንሽዬ ቋንቋ ሠራችላት፤ ለሹራብ ብቻ የሚሆን፣ በእናታቸው አፍ የሚናገር።

ሳትጨርሰው ሩቅ አገር ሥራ አገኘችና ሄደች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በየእሑዱ ትደውላለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ይደርቃል፣ «እሺ ሚጣዬ፣ ለሳምንት» ትላለች፤ ያው ነው።

«ይሄን የመሰለ አሪፍ ነገር እያለሽ ዜሮ ልታገኚ?» ቀጠለች ሬዲዮ። «ቲቸር እህትሽን አያውቃት። ፋራ አትሁኚ ባክሽ!»

ሬዲዮ ስትሄድ ሚጣ የእህቷን ፋይል ከፈተች። ከላይኛው መስመር ላይ የእህቷን ስም አጠፋችው። ቀላል ነበር። ከስሙ በታች ግን ኮምፒውተሩ የሚዘላቸው፣ ለሰው ብቻ የተጻፉ ማስታወሻዎች አሉ። ያጋልጣሉና እነሱም መጥፋት አለባቸው።

«እማዬ ‹ቀንስ› አትልም፤ ‹አጥብብ› ነው የምትለው። እንዳይቀየር።»

ሚጣ ሳታስበው ሳቀች። ወደ ታች ወረደች።

«ይህን ሳጥን ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ አበላሸሁት። እማዬ ‹ክሩን አታሰልቺው፣ ነገ ይመጣልሻል› አለችኝ።»

ቀጥሎ፦ «ሚጣ ከትምህርት ቤት መጣች። ራበኝ እያለች ነው። በኋላ እቀጥላለሁ።»

ይህችን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ያ ቀን የትኛው እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ አልቻለችም። ምን በሉ? ምን አወሩ? አንድ ሰው እሷ ስለመጣች ብቻ ሥራውን አቁሞ ተነስቶ ነበር፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም። በእሑዱ ስልክ የሚጠፋባት ድምፅ እዚህ ነበር፣ ሳይቆራረጥ።

የመጨረሻው ማስታወሻ አጭር ነው፦ «አንገት፦ ገና። እማዬን በደንብ መጠየቅ አለብኝ።» ከሱ በታች ምንም የለም።

ሚጣ ስሙን መልሳ ጻፈችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች።

«እማዬ፣ አንገቱ ላይ ስትደርሺ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

እናቷ ማሽኑን አቆመች። «እኔ እንጃ። የሚያውቀው እጄ ነው።»

«እንግዲያው እጅሽን ጠይቂልኝ።»

«እህትሽም እንዲሁ ነበር የምታደርቀኝ» ብላ ሳቀች እናቷ። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀረ። «ነይ እስቲ» አለች ቀጥላ። «መጀመሪያ መሃል ያሉትን ዐይኖች ታስቀሪያለሽ።» የክሩን ቀለበት ዐይን ነው የምትለው። «ከዚያ ግራና ቀኙን ለየብቻ ታጠብቢያለሽ። እኩል ካልሄዱ የሚለብሰው ልጅ አንገቱ የዞረ ይመስላል።»

ሚጣ እናቷ ያለቻትን በአንድ አዲስ ሳጥን ጽፋ ማሽኑን አስነሳች። የመጀመሪያው ሙከራ ቀዳዳ የሌለው ሆኖ ወጣ። «ይሄን የሚለብሰው ጭንቅላት የሌለው ነው!» አለች እናቷ። ሁለተኛው ተተረተረ። ሦስተኛው አንገት ሆነ።

በማግስቱ አስተማሪው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየ። «ካንቺ የወጣው የትኛው ነው?»

«ይቺ አንዷ ሳጥን።»

«ሌላውስ?»

«የእህቴ ነው። ስሟ እላዩ ላይ ተጽፏል።»

ከኋላ ሬዲዮ «ወይኔ» ስትል ተሰማ። አስተማሪው ሳጥኗን ጎትቶ ሞከራት፣ አንድ ሁለት ነገር ጠየቃት፣ ከሃያ አሥራ ሁለት ጻፈላት። «አንድ ሳጥን አንድ ሳጥን ነው» አለ፤ ከዚያ ብዕሩን ሳይከድን «ግን ትሠራለች።»

ከሰዓት በኋላ ሚጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ከእህቷ የመጨረሻ ማስታወሻ ሥር ጻፈች፦ «አንገት፦ ተሠራ። ትንሽ ወደ ግራ ይጎትታል። ስትመጪ ታስተካክዪዋለሽ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር መልሳ አነበበቻት። ከዚያ አጠፋቻትና በቦታዋ ሌላ ተካች፦

«እጅጌውን እኔ ጀምሬዋለሁ።»

አንድ ባዶ ሳጥን ጎትታ ስክሪኑ መሃል አስቀመጠች።