ጥርሱ የጎደለው ሚዶ

አናጢው እስረኛ ሊፈታ አርባ ቀን ሲቀረው ከፍራሹ ሥር መሮ ተገኘበት።

በእስር ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ለእስረኞች የምትቆመው ወጣት ጠበቃ የክሱን ወረቀት አነበበች። «ሰው ለመውጋት የተደበቀ መሣሪያ» ይላል። ጥፋተኛ ከተባለ አመክሮው ይሰረዛል፤ ሌላ ሁለት ዓመት ይታሰራል።

በጠባቧ የመገናኛ ክፍል ውስጥ አናጢው ዓይኑን ከጠረጴዛው አልነቀለም።

«ለምን ወሰድከው? እውነቱን ንገረኝ።»

«በሰጠሁሽ ሚዶ ስቀሽብኝ የለ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ ልሠራልሽ ነበር። የሚያጣድፈኝ ሳይኖር፣ ተረጋግቼ።»

«አንተ ሞኝ!» ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ።

ባለፈው ወር በጠብ ተከስሶ ተከራክራ ነፃ ስታወጣው ነበር ያንን የእንጨት ሚዶ በወረቀት ጠቅልሎ የሰጣት። ጠበቃ ከእስረኛ መርፌም ቢሆን መቀበል አይፈቀድለትም። እያወቀች ተቀበለች። በሳምንቱ አንድ ጥርሱ ቢሰበር፣ «የስድስት ዓመት ልጅ መሰለ እኮ!» ብላ ቀለደችበት።

«ነገ ሚዶውን ለኮሚቴው አሳያለሁ» አለች። «መሮውን ለምን እንደፈለግከው ሌላ ማስረጃ የለንም።»

«የመግቢያ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል! ሽማግሌው እስረኛም ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ይቀርባሉ። ማን ይቆምላቸዋል? ከአንቺ ሌላ እዚህ ድርሽ የሚል ጠበቃ አለ?»

«አንተስ?»

ከጠረጴዛው ቀና አለ። ዓይኗን ብቻ አየ፤ ዘቡ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ።

በማግስቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ጠበቃዋ የሚሉት አለ?» አሉ።

ተነሣች። እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ አናጢው ቀድሟት ብድግ አለ።

«ጥፋተኛ ነኝ።»

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ደንበኛዬ—»

«ጠበቃዬን አሰናብቻለሁ» አለ። ወደ እሷ አልዞረም። ቢያያት አንደበቱ እንደሚታሰር ታውቃለች።

ጣቶቿ በቦርሳዋ ውስጥ የጎደለውን ጥርስ ቦታ ዳሰሱ። ሽማግሌውን አሰበች። እጇን ባዶውን አወጣችው።

ሐሙስ ለሽማግሌው ተከራክራ ረታች። «ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ ልጄ!» ብለው መረቋት። ጎንበስ ብላ ምርቃቱን ተቀበለች።

ስትወጣ በእንጨት ሥራ ክፍሉ መስኮት አለፈች። በአናጢው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ሳንቃ ይልጋል።

ቤቷ ገብታ ፀጉሯን በሚዶው አበጠረች። ጥርሱ በጎደለበት በኩል አንዲት ዘለላ ሳትፈታ ቀረች። በጣቷ ልትፈታት ጀመረችና ተወቻት፤ እንደተቋጠረች።