የኔታን ማን ገለበጣቸው?

የይጁቤ ሰዎች የኔታ አምደሚካኤልን ከስድስት ሰዓት በፊት ሊቀብሯቸው ቆርጠው ነበር። መቃብሩ ተቆፍሯል፤ ካህናቱ ለፍትሐቱ ተሰብስበዋል። ኢንስፔክተር ሥራነሽ እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የቀረው መገነዝ ብቻ ነበር።

«የገደላቸው ስኳር በሽታ ነው። ካልሆነም የዚያች ልጅ መርፌ ነው» አሉ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ በሩ ላይ ቆመው። «ፖሊስ ምን ይሠራል?»

«ስኳር ከሆነ ስኳር ነው ብዬ እፈርማለሁ። እስከዚያ ማንም አይቀብራቸውም።»

«ሕዝቡ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ» ብላ አልፋቸው ገባች።

አዛውንቱ የድጓ መምህር መደቡ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣምረው ነበር። ሥራነሽ ተንበረከከች። ከንፈራቸው ከውስጥ በኩል በራሳቸው ጥርስ ተቀዷል። በቀኝ ዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ግንባራቸው ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል። በግራ ዓይናቸው ዙሪያ የፕላስተር ምልክት አለ፤ ፕላስተሩ ይዞት የነበረው ነገር ግን የለም።

ፖሊስ የጠራችው ራሷ የምትታማው ልጅ ነበረች፤ ወለተ ሐዋርያት፣ የእህታቸው ልጅ።

«ኢንሱሊን የምወጋቸው እኔ ነኝ» አለች አንገቷን ሳትደፋ። «መጠኑን አልሳትኩም። ሳይመረመር ቢቀበሩ ዕድሜ ልኬን ነፍሰ ገዳይ ተብዬ እቀር ነበር። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

«ዓይናቸው ምን ሆኖ ነበር?»

«ስኳሩ ሁለቱንም አጨለመባቸው። ሦስት ዓመት ሳያዩ ኖሩ። የቀኙ አይመለስም ተባለ። ለግራው እነ መሪጌታ ‹እግዚአብሔር የወሰደውን ተቀበሉ› አሏቸው። እሳቸው ግን ‹የወሰደው ስኳር ነው፤ ከስኳር ጋር ደግሞ እታገላለሁ› ብለው አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሞቹ ዓይናቸው ውስጥ የፈሰሰውን ደም አወጡ፤ ከዓይናቸው ጀርባ የተላቀቀውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናውን፣ ወደ ቦታው መልሰው በዘይት ደገፉት። በማግስቱ የሐኪሙን ጣቶች ቆጠሩ!»

«ከዚያስ?»

«ዘይቱ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ዐሥር ቀን ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተው መቆየት ነበረባቸው፤ ሲበሉም ሲተኙም። ትናንት ስድስተኛው ቀን ነበር። ስሕተት እንዳይፈጠር ስል ስንት ጊዜ እየገባሁ አየኋቸው፤ አንድም ቀን አልተንጋለሉም። ሲተኙ ዓይናቸው ላይ የፕላስቲክ መከለያ እለጥፍላቸው ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ግን ተንጋለዋል፤ መከለያውም የለም።»

«መደፋት እንዳለባቸው ማን ያውቃል?»

«እኔና አዲስ አበባ የወሰዳቸው መምህር ምናለ ብቻ። ሰው ይሥቅብኛል ብለው ለሌላ አትንገሩ አሉን።»

መምህር ምናለ የየኔታ ረዳት ነበር። ከእሳቸው በኋላ ወንበሩን እንደሚወርስ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሲድኑ ቅር አልዎት?» አለችው ሥራነሽ።

«አንድ ቀን ቅር ብሎኛል። አልዋሽም። ከዚያ ግን ደስታቸውን ሳይ አፈርኩ።»

«ትናንት እራት ላይ ምን ተባለ?»

«‹ዐሥሩ ቀን ሲሞላ የብራና ድጓዬን በገዛ ዓይኔ አነባለሁ› አሉ። ሦስታችንም ነበርን፤ እኔ፣ ወለተ ሐዋርያት፣ ታረቀኝ።»

ታረቀኝ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ደጀን የሚነግድ፣ ትናንት ለጥየቃ የመጣ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«አጎቴ ደክመው ነበር፣ ኢንስፔክተር። እራት ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ አዩዋቸው?»

«ጎሕ ሲቀድ ከበር ብቅ ብዬ ነበር። ተንጋለው፣ ጣራ ጣራውን እያዩ ያንኮራፋሉ። እንዳልቀሰቅሳቸው ተመለስኩ።»

ሥራነሽ ቃሉን ጻፈችና ሁሉንም ወደ አስከሬኑ ክፍል ጠራች። መሪጌታም ገቡ። ከየኔታ አንገት ላይ ቁልፍ ፈትታ ለምናለ ሰጠችው።

«ብራናው የሚቀመጥበትን ሣጥን ይክፈቱና ድጓውን ያንብቡልኝ።»

ምናለ መጽሐፉን ገልጦ ቅጠል አገላበጠ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሽፋኑ የእኛ ነው። ውስጡ ግን ዳዊት ነው፤ ያውም አዲስ።»

«አምና ታረቀኝ ሽፋኑን ላስጠግን ብሎ ደጀን ወስዶት ነበር!» አለች ወለተ ሐዋርያት። «ከመለሰው ወዲህ ሣጥኑ ተከፍቶ አያውቅም። የኔታ ሽፋኑን ዳስሰው ተቀብለውት ነበር።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሥራነሽ። «የኔታ በስኳር አልሞቱም። የተቀደደው ከንፈርና የዓይኑ ደም ታፍነው እንደሞቱ ይናገራሉ። ግንባራቸው ላይ ያለው ስፌት ሲታፈኑ ተደፍተው እንደነበር ያሳያል። ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ገለበጣቸው። ለምን? ተደፍቶ የተገኘ ሬሳ ያስጠረጥራል ብሎ ነዋ! ወለተ ሐዋርያትና መምህር ምናለ ግን መደፋት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ እንደተደፉ ይተዋቸው ነበር፤ የሚጠረጥርም አይኖርም። የገለበጣቸው ትእዛዙን የማያውቅ ሰው ነው። አቶ ታረቀኝ፣ እርስዎ ያቀረቀሩት ለጸሎት መሰለዎት። ስድስት ቀን ያልተንጋለሉ ሰው ተንጋለው ሲያንኮራፉ አየሁ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ድጓውን በዳዊት የለወጡትም እርስዎ ነዎት፤ የኔታ ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ በገዛ ዓይናቸው ሊያዩት ነበር።»

«በወሬ ልታስሪኝ ነው?»

«ኪስዎ ይፈተሽ።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ከኮቱ ኪስ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ መከለያ አወጣ፤ ፕላስተሩ አልተላቀቀም። ሲያፍናቸው የተሰበረውን መከለያ ከጠዋት ጀምሮ በለቀስተኛ ተከቦ መጣያ አጥቶለት ነበር።

ታረቀኝ ጮኸ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልጎደለባቸውም! በቃላቸው ያውቁት የለ! በዚህ ዕድሜያቸው ማየት ምን ያደርግላቸዋል?»

«ዓይናቸው ነዋ!» አለች ሥራነሽ። «አንተን ማስፈቀድ ነበረባቸው?»

የኔታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ሲበተን መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ወለተ ሐዋርያትን ለብቻዋ አስቆሟት።

«ልጄ፣ እኔም ስኳር አለብኝ። ከፋሲካ ወዲህ በግራ ዓይኔ ፊት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጥቁር ነገር ይንሳፈፍብኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጠዋት መርፌዋ ገደላቸው ያሉት እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ ነበርኩ። ይቅር በይኝ።»

ወለተ ሐዋርያት ጠጋ ብላ ግራ ዓይናቸውን አየች። «ነገ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ይምጡ። እኔ እወስድዎታለሁ። ሰው ምን ይለኛል የሚሉ ከሆነ ግን አይምጡ።»

በማግስቱ መናኸሪያ ስትደርስ መሪጌታ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። የት እንደሚሄዱ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ አውቶቡሱ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዓይኔን ልታከም!» ይሉ ነበር።