ያልተነካው ፍሬን

ማክሰኞ መስከረም አሥራ አራት፣ ጥዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንድሜ ከውሃ ማጠራቀሚያው በታች ባለው ቁልቁለት ከሲሚንቶ አጥር ጋር ተላትሞ ሞተ። ሰዓቱን መዝገብ ላይ ያሰፈረው ተረኛነቱን ሲረከብ የነበረው የማጠራቀሚያው ዘበኛ ነው።

ወንድሜ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሞተር ሳይክሉን በሚያዝያ ሲገዛ ከመቀመጫው ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የፊት ፍሬኑ ያስቸግረው ጀመር፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨምቆም ጎማው ዝም ብሎ ይሄዳል። በሻጩ በኩል ለፋብሪካው ጻፈ፤ መልስ የለም። ደገመ፤ «ተጠቃሚው አነዳዱን ያስተካክል» የሚል መጣ። በሦስተኛው፣ «ሐሙስ መስከረም አሥራ ስድስት የመንግሥት ባለሙያ ፍሬኑን ፈትቶ ያየዋል፤ መጥታችሁ ተመልከቱ» ብሎ ሲጽፍ ጊዜ ፋብሪካው መሐንዲስ ላከ። መሐንዲሱ ሞተሩን በሻጩ ጋራዥ ሦስት ቀን አቆይቶ ሰኞ ቀን መለሰለት። የሰጠው ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ «እንከን አልተገኘበትም። ምንም አልተነካም።»

በማግስቱ ወንድሜ ሞተ።

ፖሊስ የላካት ኢንስፔክተር ስትደርስ መሐንዲሱ ቀድሟት አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ደልዳላ፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። የጥርስ ሐኪም የሚይዛትን የመሰለች ትንሽ መስታወት አውጥታ ጎማው ሥር ተንበረከከች።

«አይድከሙ» አላት መሐንዲሱ። «የፍሬኑ ዘይት ፈስሶ አልቋል። የኋላው ፍሬን ብቻውን ይህን ቁልቁለት አይችልም። እቤታቸው የፍሬን ቱቦውን ብሎን ፈትተው ሳያጠብቁት ቀርተዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ትናንት ቁልፍ ይዞ ሞተሩን የነካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የኋላ ጎማውን ሰንሰለት፣ ካቴናውን አጠበቅሁለት።»

«ይኸው! ከአፉ ሰማችሁ።»

የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኢንስፔክተሯ ከተማውን ለቅቄ እንዳልሄድ አዘዘችኝና ጠጋ ብላ፣ «ወንድምህ ትናንት ማታ ስለ ፍሬኑ ምን ብሎህ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ደስ ብሎት ነበር። ‹ዛሬስ ቀጥ አድርጎ ያዘ! ምን አድርገውት ይሆን?› አለኝ።»

«ምን አድርገውት ይሆን» ብላ ደገመችው፤ አፍንጫዋንም ጠረገች።

ቆይቼ እንደሰማሁት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሻጩ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ ሁሉም ሰው «ቀጭኑ» የሚለው፣ ምላሱ ከመዶሻው የሚከብድ ሰውዬ ነው።

«ሞተሩን የፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አጠገቡ አልደረስኩም። ‹እጅህን ሰብስብ› አለኝ ያ መሐንዲስ። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን እጅ፣ እንደ ኪስ አውላቂ!»

«ከሞተሩ ጋር ብቻውን የቀረበት ጊዜ አለ?»

«ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ሁላችንንም አስወጣን። በሩን ከውስጥ ቆለፈው።»

«የፍሬኑ ቱቦ ላይ ያለው ብሎን ቢጫ መስመር አለበት። ምንድን ነው?»

«የፋብሪካ ነው፤ የእኛ ቀለም ነጭ ነው። ብሎን ካጠበቁ በኋላ ከራሱ እስከ ብረቱ አንድ መስመር ይሰመራል። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። እዚያ አንድ ዓመት ሠልጥኛለሁ፤ ሳያሰምር ወደሚቀጥለው ያለፈ ሰው ወዮለት። ስመለስ የቤቴን በር ማጠፊያ አጥብቄ ኪሴ ውስጥ ቀለም ስፈልግ ሚስቴ ያዘችኝ።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ከብሎኑ ሥር ያወጣቻቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች መዳፏ ላይ አሳየችው።

«ሮንዴላ ናቸው» አለ። «ሲጠብቁ ይጨፈለቃሉ፤ ዘይቱን የሚያግዱት ተጨፍልቀው ነው። አንዴ ከተፈቱ ይጣላሉ። እነዚህን ግን...» ወደ ብርሃን አስጠጋቸው። «ይታይዎታል? ሁለቴ ስለተጨፈለቁ ሁለት ጠርዝ ወጥቶባቸዋል። አሮጌ ናቸው፤ ተመልሰው ታስረዋል። ለአንድ ቀን ይይዙ ይሆናል፤ ከዚያ ማንጠባጠብ ነው። ምን ዓይነት ድንቁርና ነው? አዲስ ሮንዴላ መሳቢያ ሙሉ አለ!»

«መሳቢያው ይቆለፋል?»

«ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም።»

የመሸጫውን ሥራ አስኪያጅ ያገኘችው መኪናው ውስጥ፣ ሊያመልጥ ሲል ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«መለዋወጫ ለመጨረሻ ጊዜ የገባላችሁ መቼ ነው?»

«ሰኔ አራት። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካው የመጣልን ያ ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱንም ብንመልሰው ደስ ይለናል።»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንንም መሸጫው አዳራሽ ሰበሰበችን። ያልተነዱ ሞተሮች በረድፍ ቆመዋል፤ እኛ በመካከላቸው። የወንድሜ ሚስት ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። መሐንዲሱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አውሮፕላን አለብኝ። ጥፋተኛው ተናግሯል፤ ምን ይጎትተናል?»

«ይህ ሰው ብሎኑን ፈትቶታል ነው የሚሉት?» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

«ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ከመፍታቴ በፊት ቢጫው መስመር ግን አልተሰበረም ነበር። ቀጥ ብሎ ነበር።»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ከፋብሪካ ከወጣ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ሟቹ አነዳድ አያውቅም፤ ጽፈንለት ነበር እኮ።»

«ውሻ!» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ቆዪ የኔ እህት» አለቻት ኢንስፔክተሯ። ድምጿ ከፍ አላለም። «ከፋብሪካ ከወጣ ያልተነካ ብሎን። ቀለሙን በመርፌ ጫፍ አነሳሁት። ከሥሩ የደረቀ ጭቃ አለ። ሟቹ ክረምቱን ሙሉ ቆጣሪ ሲያነብ የተረጨው ጭቃ። ፋብሪካው በጭቃ ላይ ነው እንዴ የሚቀባው?»

መሐንዲሱ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ብሎኑ በቅርቡ ተፈትቷል፤ ታስሯል፤ እንደገናም ተሰምሯል። ለምን ተፈታ? ቱቦውን አየሁት። አምራቹ የሠራበትን ወር በትንሽ ማኅተም ጎኑ ላይ ያትማል። ሞተሩ የተሸጠው በሚያዝያ ነው። ቱቦው የተሠራው በሐምሌ ነው። ባለቤቱ እጅ ከገባ ከሦስት ወር በኋላ የተሠራ ቱቦ በእግሩ መጥቶ ገባ ልበል?»

«ምናልባት ከዚሁ ጋራዥ...»

«እዚህ የመጨረሻው ዕቃ የገባው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ከፋብሪካው የመጣ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው፤ የእርስዎ። ሮንዴላዎቹ አሮጌ ናቸው። መካኒኩ ቢሆን መሳቢያው አጠገቡ፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ይህን ያሰረው ሰው ግን ቱቦውን ይዞ መጥቶ ቀለበቱን ረስቶታል። መካኒኩን አዲስ እንዳይጠይቅ ደግሞ የሚሠራው በስውር ነው፤ አሮጌውን መልሶ አሰረ። ከጨረሰ በኋላ ዓመታት ያሠለጠነው እጁ አላስችል አለው። ከኪሱ ቀለም አውጥቶ አሰመረ።»

የሁላችንም ዓይን መሐንዲሱ የደረት ኪስ ላይ ዐረፈ። ቢጫ ክዳን ያለው እስክርቢቶ መሳይ ቀለም ተሰክቶ ነበር። እጁን ሊሰድ ሲል ተወው።

«የፈቱትን ቱቦ ከሆቴሉ ቁም ሣጥንዎ አግኝተነዋል። ውስጡ አብጦ ተሰንጥቋል። ዛሬ የመንግሥት ባለሙያው እንዳያገኘው ነበር የለወጡት።»

«አዲሱ ቱቦ ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸ መሐንዲሱ። «ፈትሸነዋል! ከበፊቱ እጥፍ ይችላል! ልገድለው አልመጣሁም!»

«አይደለም። ሊዋሹበት ነው የመጡት።»

የወንድሜ ሚስት ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ትመታዋለች ብዬ ተነሣሁ።

«ጥሩ ቱቦ ካለህ ለምን አልሰጠኸውም?» አለችው። «እጁ ላይ ብታኖርለት፣ ‹እንካ፣ ቀይር› ብትለው ምን ነበረበት? ሌላ ምን ጠየቀህ?»

«ብሰጠው ጥፋቱን አመንን ማለት ነዋ። አሥራ አንድ ሺህ ሞተር በዚያ ቱቦ ተሸጧል።»

«አሥራ አንድ ሺህ ሰው ላይ ተኝተህ ታድራለህ?» አለ ቀጭኑ። ከዚያ ዞር ብሎ ሥራ አስኪያጁን፣ «አንተም ሦስቱን ደብዳቤ አንብበህ ነው ያሳለፍከው» አለው። ሥራ አስኪያጁ ወለሉን አየ።

መሐንዲሱን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ መጣች። ከማክሰኞ ወዲህ አላናገረችኝም ነበር።

«ካቴናውን ብቻ ነው የነካኸው?» አለችኝ።

«ካቴናውን ብቻ ነው፣ እታለም።»

«ጠይቄህ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁህም።» ክንዴን ይዛ ወደ በሩ መራችኝ። «ና፣ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።»

መሐንዲሱ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ፋብሪካው ጥፋቱን እስከ መጨረሻው አላመነም፤ በጥር ወር ግን የአሥራ አንድ ሺሁን ሞተር ቱቦ በሙሉ ቀየረ።