በሩ ተቆልፏል?

ይህን የምጽፈው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ቦታው መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ የእኔው ሱቅ። ጊዜው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

ልጄ ሰገነት ጀርባዋን ሰጥታኝ ነጠላ ታጥፋለች። ዓይኔ ሹሩባዋ ላይ አረፈ።

በመቀስ ያሳጠርኩት አንዱ ጉንጉን... ከሌሎቹ እኩል ሆኗል።

የተገዛ ፀጉር እኮ ነው። የተገዛ ፀጉር አያድግም።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት።

ለምን እንዳሳጠርኩት ልንገራችሁ። ዶክተር ፍስሐ የሚባል ተመራማሪ ወደ ተራችን መጥቶ ነበር። ጭንቀት የገበያ ሰውን አካል ምን እንደሚያደርገው፣ የበላነውን እንዴት እንደሚያቃጥለው ያጠናል። ሰገነት እሺ አለችው፤ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት እጇ ላይ አሰረላት። ቀጥሎ ፀጉሯን ፈለገ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሆርሞን ፀጉር ውስጥ ይቀራል፣ የየወሩ ፍርሃት እዚያ ይነበባል አለኝ።

የልጄን ፀጉር ለማላውቀው ሰው?

እኛ ቤት ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር እንኳ ሜዳ ላይ አይጣልም። ተጠቅልሎ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚደረግበት ማን ያውቃል?

እኔ ራሴ ቆርጬ አመጣለሁ አልኩትና፣ ለዘመድ ሰርግ ብላ ካስቀጠለችው ሂውማን ሄር፣ ከሚሸጠው የሰው ፀጉር፣ ቆርጬ ሰጠሁት። ዛሬም ቢሆን የልጄን አልሰጠውም።

ከዚያ ወዲህ ሰገነት ትበላለች... ትከሳለች። የሁለት ሰው ምግብ እየበላች ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ቁጭ ባለችበት ላብ ያጠምቃታል። ተኝታ እንኳ ሰዓቱ የሚቆጥረው፣ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ልብ ነው።

በጠራራ ፀሐይ ጆሮዬ ስር ትመጣለች።

"እማ... በሩ ተቆልፏል?"

"የምን በር? ሱቅ ውስጥ እኮ ነን።"

"ቆልፊው..."

ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። ተቆጥቶ። ደንበኞቼ ፊት ይህችን ልጅ ቤት ውስጥ የሚያሠቃያት ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፀጉር ውስጥ አንብቦ አያውቅም፤ በየወሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል...

"ከዚያስ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከዚያ በአንዴ ይቆማል። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይቆምም፣ እትዬ።"

ደሜ ፈላ። ልጄን ማንም አልነካትም! ፀጉሩ ግን የማን ነው?

ነጠላዎቹን እንደተዘረጉ ትቼ ፀጉር ሻጩ ሽኩር ዘንድ ሮጥኩ። ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ከጭነት ጋር ነው የመጣው አለና ሳቀ።

"እትዬ፣ እኔ ፀጉሩን እንጂ ባለቤቷን አልሸጥኩልዎትም።"

ዊግ ያጠለቁትን የፕላስቲክ ጭንቅላቶች በክንዴ ጠራረግሁበት። መንገዱ ላይ ተንከባለሉ። ሳቁን አቆመ።

ማታ ቤታችን ሰገነትን አስቀምጬ ጉንጉኑን አንድ በአንድ ቆረጥኩ።

እያንዳንዱ... ሞቃት ነው።

ሰዓቱንም ከእጇ ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ፀጉሩን ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ መንደሩ ጫፍ ካለው ቆሻሻ ገንዳ ጣልኩት። ስመለስ ልጄ ተኝታለች። ግንባሯን ዳሰስኩ። ላቧ ደርቋል። ከስንት ጊዜ በኋላ በሰላም ትተነፍሳለች።

የያዛት ነገር ለቀቃት ብዬ ተነፈስኩ።

ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ አለ።

ሰዓቱ።

ማንም እጅ ላይ የለም... ይቆጥራል። ቁጥሩ ይሮጣል። የሚባረር ሰው ልብ።

"ልጄን ተዪያት፣" አልኩ በሹክሹክታ። የፀጉሩን ባለቤት፤ ማን እንደሆነች እንጃ።

ቁጥሩ ባሰበት።

ያን ጊዜ ነው በሩ ገርበብ እንዳለ ያስታወስኩት። ሄድኩና ገፋሁት። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ።

ዞር አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ... ቀስ እያለ... ወረደ።

ቤቱ እንደገባ ሰው ልብ።