የአዝመራው ሣጥን

ፀሐይ ከወጣች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር፤ ለመጥለቅ ገና አምስት ቀን ይቀራታል። በጨረቃ ላይ ያለችው የምዕራፍ ከተማ ሰው ግን ቀን የሚቆጥረው በምድር ሰዓት ስለሆነ፣ ትርንጎ እንደማንኛውም ማክሰኞ ምሳዋን ቋጥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዋ ገባች። ሥራዋ የከተማዋን መቆለፊያዎች መፈተን ነው። መቆለፊያ ሲባል የብረት ጓጉንቸር እንዳይመስላችሁ፤ ምስጠራ ነው፣ ጽሑፍን ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ትርጉም የለሽ የሚያደርግ ስሌት።

የዕለቱ ትእዛዝ ከወትሮው ይለያል። ድሮ የተሠሩት የአየር በሮች በአሮጌው ምስጠራ የተላከ ትእዛዝ አሁንም ይቀበሉ እንደሆነ ማወቅ ተፈልጓል። ይህን ለመፈተን ደግሞ አሮጌውን ምስጠራ የሚያውቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። የከተማዋ ማሽኖች ሁሉ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ፣ ማለትም የምስጠራ ዘዴዎች ስብስብ፣ ያረጁትን አላውቃቸውም ብሎ ከካደ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ትርንጎ ከሌሎቹ በተነጠለ አንድ ማሽን ላይ፣ ያረጁትን ያካተተ የራሷን ላይብረሪ ማጠናቀር ነበረባት፤ የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚሠራበት መልክ መለወጥ ማለት ነው።

ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ አሻፈረኝ አላት። ኮዱን መስመር በመስመር ስታገላብጥ እንቅፋቱን አገኘችው። አንድ ሰው ያረጁትን ዘዴዎች የሚያስነሣውን መስመር ዘግቶ ከጎኑ ማስታወሻ ጽፎበታል፦ «ደካማ ነው። እንዳይነሣ። እንግዳሸት፣ ኅዳር 11።»

እንግዳሸት ከድሮ ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብለው ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ጋሽ እንግዳሸት፣ የእርስዎን መስመር ልከፍተው ነው» አለቻቸው።

«ለፈተናው ብቻ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በሙከራ ፋይሎቹ ላይ። ሌላ እንዳትነኪ፣ ልጄ።»

ሌላ ያሉት የትኛውን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

የምዕራፍ በረዶ ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት ለቤተሰብ ቃል የመተው ልማድ ነበራቸው። በራስ ቁራቸው ላይ ባለች መጻፊያ የጻፉት ነገር በቀጭን የመዳብ ሽቦ ወጥቶ፣ በየስማቸው በተከፈተ የቃል ሣጥን ውስጥ ተመስጥሮ ይቀመጣል። አዲስ ሲጽፉ የቀድሞው ይጠፋል። መቼ እንደተጻፈ እንኳ ከውጭ አይታይም። ቁልፍ ምረጡ ሲባሉ አብዛኞቹ የክርስትና ስማቸውን መረጡ፤ ከሰው የሚደበቅ ስም ከተባለ ሌላ ምን አለ? ቄሱ በፍትሐት ጊዜ ያንኑ ስም በሕዝብ ፊት ጮክ ብለው እንደሚጠሩት ማንም ልብ አላለም። አንድ ሕግም ነበራቸው። የሟች ቃል ከአርባው ቀን በፊት አይከፈትም።

ትርንጎ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ኅዳር 3 ቀን፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ተደረመሰ። አባቷ አዝመራው ከአሥራ ሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከውስጥ ነበር። የድምፅ መስመሩ ተቆረጠ፤ የሚመልስ ጠፋ። በማግስቱ ሁሉም ሞተዋል ተብሎ ፍለጋው ቆመ፤ ለቅሶ ተቀመጡ። በአርባው ቀን እናቷ ዘርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄዳ፣ ወልደ ሰንበት ብላ ቁልፉን አስገባች። ማሽኑ «ይህ ምስጠራ አይታወቅም» አላት። በመካከሉ ዘዴው ተሰርዞ ነበር። የሣጥኑን ቅጂ ለማስተዛዘኛ ያህል ሰጥተው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ ደጅ ያልጠናችበት ቢሮ የለም፤ ለአንድ ሣጥን ተብሎ የከተማው ደኅንነት አይናጋም እያሉ መለሷት። ዘርፌ የምትፈልገው ባሏ ምን ብሎ እንደተሰናበታት ማወቅ ብቻ ነበር። ትርንጎም ይህን ሙያ የተማረችው ለሌላ አይደለም።

መስመሩን ከፈተችና እንደገና አጠናቀረች። አሁን እሺ አላት። የሙከራ ፋይሎቹ በየተራ ተፈቱ። እንግዳሸት ለምሳ ሲወጡ ጠብቃ፣ ቅጂውን ከቦርሳዋ አውጥታ ማሽኑ ላይ ሰካችው። የአባቷን የክርስትና ስም ጻፈች። አራት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

«ኅዳር 4። ዘርፌ፣ ይህን ለእንግዳሸት አሳዪው። የድምፅ መስመሩ ስለተቆረጠ የቀረን ይህ ሽቦ ብቻ ነው። አሥራ አራታችንም ደህና ነን። ያለነው ከአራተኛው በር ጀርባ ነው፤ በሩ የሚነሣው ከውጭ ነው። አየሩ ለአሥር ቀን ይበቃናል። ትርንጎን ሳሚልኝ። ቶሎ በሉ።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዓይኗ ኅዳር 11 ወደሚለው ማስታወሻ ሄደ። ያን ቀን አየር ነበራቸው።

እንግዳሸት ተመልሰው ከኋላዋ መቆማቸውን ያወቀችው ትንፋሻቸውን ስትሰማ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ኅዳር 5 ቤታችሁ መጥቼ ነበር» አሉ። «የአደጋውን መነሻ እንድናውቅ ሣጥኑን እንክፈተው፣ ቁልፉን ስጪኝ አልኳት እናትሽን። ‹የባሌን ቃል ከአርባው በፊት አላስነካም› አለችኝ። አሥራ ሦስቱንም ቤት ዞርኩ። ሁሉም እንደዚያው ነው ያሉኝ። አክብሬያቸው ተመለስኩ።»

«ከዚያ ዘጉት።»

«ደካማ ነበር። ሌባ የሙታንን ቃል እንዳይደፍር ብዬ ነው የዘጋሁት።»

ትርንጎ ጠላቻቸው። ቀጥሎ እናቷን ጠላች፤ ለአንድ አፍታ ነው፣ ግን ደነገጠች። በር ላይ የቆመ ሰውዬና መዝጊያውን የያዘ የእናቷ እጅ ትዝ አሏት። ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ቆማ፣ ይሂድልን እያለች ትመኝ የነበረችው ራሷ ናት።

ስልኳ ጠራ። ጠዋት ለእናቷ ቃል ገብታላት ነበር።

«ተከፈተልሽ?» አለች ዘርፌ።

«ተከፈተ፣ እማዬ።»

«ምን ይላል?»

እንግዳሸት መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ከመውረዱ በፊት የጻፈው ነው» አለች ትርንጎ። «ደህና ሁኚ ይልሻል። ትርንጎን ሳሚልኝ ይላል።»

ዘርፌ ስታለቅስ ይሰማል። «ለእኔ ብቻ የተጻፈ ነበራ» አለች በመጨረሻ። «እንኳንም ያኔ ለዚያ ሰውዬ አልሰጠሁት።»

«እንኳንም» አለች ትርንጎ።

ከሰዓት በኋላ የአየር በሮቹ ተፈተኑ፤ አንዳቸውም አሮጌውን ትእዛዝ አልተቀበሉም። ከተማዋ ደህና ናት ተብሎ ተመዘገበ። ሰው የሠራው መቆለፊያ ሁሉ አንድ ቀን ይፈታል ብለው ነበር ያስተማሯት፤ በዚህ ቀን እሷ የቆለፈችው ግን ቁልፍም አልነበረው። ቅጂውን አጠፋች፤ ከማኅደሩ ውስጥ ደግሞ አሥራ አራቱ ሣጥኖች እንዲሰረዙ ጠይቃ ፈረመች። ከዚያ መስመሩን መልሳ ዘጋችና፣ ከአሮጌው ማስታወሻ ሥር ጻፈች፦ «እንዳይነሣ። ትርንጎ።»