ገና ያልመጡ ደንበኞች

«ሞክረነዋል፣ እትዬ! እኔና እሷ አብረን ቁጭ ብለን ነው የሞከርነው» አለች በትምህርት ቤት «ኢንጂነሯ» የምትባለው ልጅ አፏን ሞልታ። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ወደ ሬዲዮ ዞራ «አይደል እንዴ?» ስትል በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ሬዲዮ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

የተሞከረ ነገር አልነበረም። ኢንጂነሯ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥታ፣ የሬዲዮ እናት መነጽር ቤት ጓዳ ገብታ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጠፉ ደንበኞችን የሚያጠራ ትእዛዝ ጻፈችና ብስኩቷን በልታ ጨረሰች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሬዲዮ ግን «እኔና እሷ አብረን» የሚለውን ስትሰማ ሆዷ ሙቅ ውሃ የጠጣ ያህል ሞቀ። በዚያ ሙቀት ላይ «ኧረ አልሞከርንም» የሚል ልጅ ካለ፣ ብቻውን ምሳ በልቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

«እሰይ የኔ ልጆች!» አለች እናት፣ በትንሿ መፍቻ የመነጽር ብሎን እያጠበቀች። «እንግዲህ ዓርብ ሱቅ ስንዘጋ ራሱ ይሠራል ማለት ነው?»

«ራሱ! እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው ማየት ነው።»

እናት ይህን መነጽር ቤት ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ስትረከብ፣ ደንበኞቹ የተመዘገቡበትን ፕሮግራምም አብራ ተረክባለች። ውስጡ ድሮ ጠፍተው የቀሩ፣ ከተማ የለቀቁ፣ ከዚህ ዓለም የተለዩም ሰዎች ታጭቀውበታል። አንድ ስም ለመፈለግ ኮምፒውተሩ አስቦ እስኪጨርስ ደንበኛው ቆሞ ያዛጋል። የኢንጂነሯ ትእዛዝ ለሦስት ዓመት ብቅ ያላሉትን ይለይና በስልካቸው የስንብት መልእክት ይልካል፤ ከዚያም መዝገባቸውን ያጠፋል። አንዴ ከጠፋ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

ሬዲዮ የእውነት ስሟ አይደለም። የክፍል ልጆች ያወጡላት ስለማትናገር ነው። «ዛሬም ባትሪ የለውም?» ይላል አንዱ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። በዓመት አጋማሽ እንደሷ አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ያውቀዋል፤ ወንበሩ ሁሉ ባለቤት አለው፣ ቀልዱም ሁሉ ከሱ በፊት ተጀምሯል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ልክ ነው፤ ችግሩ ጓደኛም አይገባበትም።

ምሳዋን የምትበላው የትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ባለው የመስኮት ደፍ ላይ ነበር። ሰው ሲያልፍ ስልኳን እያየች ፈገግ ትላለች፣ የሚጽፍላት ያለ እንዲመስል። የሚጽፍላት ግን እናቷ ናት፤ እሷም «በላሽ?» ብቻ ነው የምትለው። አንድ ቀን ኢንጂነሯ ምሳ ዕቃዋን ይዛ አጠገቧ ዘጭ አለች። «እናትሽ መነጽር ቤት አላት አሉ። ኮምፒውተሯን ማን ነው የሚያይላት?» አለቻት። ለኮምፒውተሩ ትምጣ ወይስ ለሷ፣ ሬዲዮ አልጠየቀችም። መልሱን ፈርታ ነው።

ኢንጂነሯን በር ድረስ ስትሸኛት «ግን መቼ ነው የሞከርነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አታካብጂ፣ አቦ! እኔ ስንቱን ሠርቻለሁ። ፈታ በይ።»

ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣ አለ። በማግስቱ ከሰዓት እናት ከቤት ለማይወጡ አንድ አዛውንት መነጽር ልታደርስ ስትሄድ፣ ሬዲዮ ጓዳ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የሌንስ መቁረጫ ማሽኑ ቆሟል፤ ከጎረቤት የሚሰማ ድምፅ እንኳ የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓይን መመርመሪያ የፊደል ሰሌዳ ብቻ ያያታል።

እውነተኞቹን ደንበኞች እንዳትነካ «ሙከራ» የሚል ለብቻው የሆነ ምድብ ከፈተች። የኢንጂነሯን ትእዛዝ ቀድታ፣ ቅጂው እዚያ ምድብ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ አጠበበችው። ከዚያ ሰዎች ፈጠረች። አንድ ሹፌር፣ ከአምስት ዓመት በፊት መጥቶ የቀረ። አንዲት ዘፋኝ፣ ባለፈው ወር የመጣች። አንዲት ልጅ፣ ተመዝግባ ገና ያልመጣች። ማንንም እንዳትረብሽ ለሁሉም የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው።

ይህ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ሹፌሩ ዝናብ ሲዘንብም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ሰው እንዲሆን ወሰነች። ዘፋኟ መነጽሯን ራሷ ላይ ሰክታ ቤቱን ሙሉ የምትፈልግ ሆነች። ልጅቷን ምን እንደምታደርጋት አላወቀችም፤ ዝም ብላ በሩ ላይ አቆመቻት። ብቻዋን ስቃ፣ ሳቋን ራሷ ሰምታ አፈረች። ከዚያ ትእዛዙን አስነሳችው።

ስልኳ ነዘረ። «ከጠፉ ቆዩ፤ ናፍቀውናል። መዝገብዎን ዘግተናል።» የሹፌሩ ነው፤ ትክክል። ከድሮ ሰፈሯ ከወጣች ወዲህ ናፍቀሽናል ያላት የመጀመሪያው ፍጡር ይህ ኮምፒውተር መሆኑ ትንሽ አሳቃት።

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

ሬዲዮ መጠበቅ የነበረባት አንድ መልእክት ነው። ሁለተኛው ለልጅቷ ነበር። ምድቡን ስትከፍት ልጅቷ የለችም፤ ዘፋኟ ብቻዋን ቀርታለች። ቁጭ ብላ አሰበች። «መጨረሻ የመጡበት ቀን» የሚለው ሳጥን ለልጅቷ ባዶ ነው፣ ገና አልመጣችማ። ኮምፒውተሩ ባዶውን ከቀኖች ሁሉ የራቀ ቀን አድርጎ ቆጥሮታል። ገና በሩን ያልረገጠች ልጅ ከጠፉ ቆዩ ተብላ ተሰናበተች።

ሆዷ ባሰ። የፈጠራ ልጅ መሆኗን ታውቃለች፤ ቢሆንም ሆዷ ባሰ። ገና ሳይጀምሩ መረሳት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከዚያ እውነተኞቹ ትዝ አሏትና ክው አለች። ባለፈው ሳምንት ከእናቷ ጋር አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሄደው፣ ጥቁር ሰሌዳ ማየት የሚቸግራቸውን ልጆች ለምርመራ መዝግበው ነበር። ስማቸውን የጻፈችው ራሷ ናት። አንዷ ትንሽ ልጅ ፊደሎቹን አንድ ሳታጎድል ጠራቻቸው፤ እናት የፊደል ሰሌዳውን ስትገለብጠው ግን ልጅቷ ያንኑ ደገመች። ለካ ከፊቷ ያሉት ልጆች ሲያነቡ ሰምታ በቃሏ ይዛው ነው። አላይም ማለት አሳፍሯት። ሊሄዱ ሲሉ የሬዲዮን እጅጌ ይዛ «መቼ ነው የምትደውሉልኝ?» ብላ ጠይቃታለች።

ሬዲዮ በቅጂው ላይ «ላክ» እና «አጥፋ» የሚሉትን አውጥታ «አሳይ» በሚል ተካቻቸው። ምንም ሳይነካ ወደ እውነተኞቹ ላከችው። ልጆቹ አንድ ሳይቀሩ ይጠፋሉ ከተባሉት ጋር ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ፣ ትንሿም አብራ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ለኢንጂነሯ ነገረቻት። ኢንጂነሯ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ባዶውን አላሰብኩትም» አለች። «በቃ አስተካክይዋ። እናትሽ ግን ማወቅ የለባትም።»

«ግን እኮ...»

«ከነገርሻት እኔና አንቺ አለቀ። መስኮትሽ ላይ ተመልሰሽ ትቀመጫታለሽ።»

ሬዲዮ ምሳ ዕቃዋን ከደነች። ከትምህርት ስትመለስ ትእዛዙን አስተካከለችው፤ ቀኑ ባዶ የሆነውን እንዳይነካ አደረገች። ሹፌሩንና ልጅቷን መልሳ ፈጥራ እንደገና ሞከረች። የመጣው አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ ልጅቷም በቦታዋ ናት። ማንም አልተጎዳ፣ ታዲያ ዝም ብትል ምን አለበት? ዝምታ እንደሆነ ሙያዋ ነው።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ኢንጂነሯ መጣች፣ ሥራዋ ሲሠራ ለማየት። እሷን ተከትላ ከጎን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ገባች፤ ስታንሾካሹክ እንኳ መንገዱ ሁሉ የሚሰማት ሴት ናት።

«ልጆቹ ገላገሉሽ አሉ! የኔንም ዛሬውኑ ይሥሩልኝ እንጂ» አለች ለእናት። «እኔ ግን እንዳንቺ አይደለሁም፣ እፈራለሁ። ማን የቱ መድኃኒት እንደማይስማማው ሳይቀር እዚያው መዝገብ ላይ ነው ያለው። አስተማማኝ ነው?»

«አብረው ሞክረውታል» አለች እናት በኩራት።

«በደንብ ነዋ!» አለች ኢንጂነሯ። ክርኗ መጣ። «አይደል እንዴ?»

ሁሉም ወደ ሬዲዮ ዞሩ። መነቅነቅ ቀላል ነበር፤ አንገቷም ለምዶታል። መስኮቱ በዓይኗ መጣባት፣ ቀዝቃዛው ድንጋይ፣ የምታስመስለው ፈገግታ። በጣም ፈራች።

«አልሞከርነውም» አለች።

ድምጿ ቀጥኖ ወጣ፤ ግን ወጣ። «ያን ቀን ስነቀንቅ ዋሽቼ ነው። ትናንት ብቻዬን ስሞክረው ተሳስቶ አገኘሁት፤ ተመዝግበው ገና ያልመጡትን ሁሉ ሊያጠፋ ነበር። የኛን አስተካክዬዋለሁ። የእርስዎን ግን ሳይሞከር አይንኩት።»

ኢንጂነሯ ቦርሳዋን አንስታ ማንንም ሳታይ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ዘለግ ላለ ጊዜ ተወዛወዘ። ባለመድኃኒት ቤቷም ለአንዴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው የኔው ይቆየኝ» ብላ ወጣች።

እናት መፍቻውን አስቀመጠች። ተቆጥታለች። «ባልተሞከረ ነገር ጎረቤት ፊት አስኮራሽኝ። ለምን ነቀነቅሽ?»

«‹አብረን› ስላለች።»

እናት መጥታ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰችላትና የመዝጊያውን ቁልፍ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

ሬዲዮ ስልኳን አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «ሰኞ የመድኃኒት ቤቱን እንሞክረው? በቅጂው ላይ። የምር አብረን።» ላከችው። መልስ አልመጣም። ሰኞ ምሳዋን የት እንደምትበላ ታውቃለች፤ ብታውቅም አልሰረዘችውም።

ከዚያ የሱቁን ስልክ ወደ ራሷ ሳበችና ልጆቹ የተመዘገቡበትን ገጽ ከፈተች። የመጀመሪያውን ቁጥር ዘላ ወደ ትንሿ ልጅ ወረደች። ስልክ ደውላ የማታውቀውን ሰው አናግራ አታውቅም። ደወለች። ያነሳችው ራሷ ልጅቷ ነበረች።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«ከመነጽር ቤት ነው» አለች ሬዲዮ። «ያኔ እጅጌዬን የያዝሽኝ ነኝ። መቼ መምጣት ትችያለሽ?»